ቀጭን ድምፅ የጠፋባቸው ቴፖች

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ዛሬም መጡ። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ሳሎኔ የአሮጌ ቴፕ ሐኪም ቤት ይሆናል። ኤልሳዕ ያንን ብርማ ቴፑን ታቦት ይመስል በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ገባ (ይቅር በለኝ አምላኬ፣ ግን ልክ እንደዚያ ነው የያዘው)። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የመገናኛ ሬዲዮ ሲነካካ ኖሮ አሁን ደግሞ እኔን ሊነካካኝ ይመጣል። ዘከሪያም ጊደር መጋላ ገበያ ያለውን ሱቁን ዘግቶ "ግመሏን" ተሸክሞ መጣ። ግመሏ የሚላት ባለ ሁለት ካሴቷን ቴፕ ነው። ሟች ወንድሙ ድሮ ከጅቡቲ ሲያመጣት በግመል ጭኖ ነው ይላል። የኛው ጥቁሩ ቴፕ ደግሞ ቡፌው ላይ ተጎልቷል፣ ሳህኖቼን አስወርዶ።

ሥርዓታቸውን ላየ ሰው ቅዳሴ ይመስለዋል። ሦስቱን ቴፕ ይደረድሩና በኔ ነጠላ ይሸፍኗቸዋል። ባለቤቴ አባይነህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል፣ የትኛው እንደሚጫወት እንዳያይ። ከዚያ ያንኑ አንድ ካሴት በየተራ ያስገባሉ፤ ክራር ነው፣ ሴት ትዘፍንበታለች፣ እልልታ አለበት። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና ይፈርዳል። "የሐረር ጆሮ" ነው የሚሉት። ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለሆነ ሲፈርድም ማስረጃ ያለው ይመስላል።

የዛሬው ፍርድ፦ ሦስቱም ቀጭኑን ድምፅ አጥተዋል። "ክራሩ ብርድ ልብስ ለብሷል" አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ክሩ ሲቆነጠር እንኳ ይሰማኛል። ግን እኔን ማን ጠይቆኝ።

ምሳ ላቅርብ ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠራሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ። ዘከሪያ በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ "ጋሽ አባይነህ፣ እትዬ ብዙነሽ እኮ እየጠሩዎት ነው" ሲለው ወዲያው ዞረ። ለዘከሪያ ጆሮ አለው። ከጥር ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ምን እንደበደልኩት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?


ሰኞ፣ የካቲት 10

ኩቴክሴን ወሰደብኝ። ልጄ ገሊላ ከድሬዳዋ ያመጣችልኝን ቀዩን። ለጥፍር አይደለም፣ ለብሎን። የካሴቱን ክር የሚያነበው፣ እነሱ "ሄድ" የሚሉት ነገር አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ስትዞር ሄዱ ይቃናል ወይም ይጣመማል። ተቃናች ሲል አንድ ጠብታ ኩቴክስ ይጥልባታል፣ እንዳትነቃነቅ። ያምራል እኮ። ለኔ ሳይሆን ለብሎን ቀይ ጥፍር!


ረቡዕ፣ የካቲት 12

ጥቁሩን አቃናሁት ብሎ ጠዋት ሙሉ በካቻቢቴ ሲያዞረው ዋለ። አሁን ክራሩ እውነትም ብርድ ልብስ ለብሷል። ዘፋኟ ጉድጓድ ገብታ የምትዘፍን ነው የምትመስለው። "አሁን ዳነ" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። አልዳነም፣ ገደልከው አልኩት። ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ። ንቀት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ወደ ከተማ ሲወጣ ጠብቄ የካሴቱን በር ከፍቼ ብሎኗን አገኘኋት። ካሴቱን እያጫወትኩ ጥቂት ጥቂት አዞርኳት፤ ክራሩ ከጉድጓዱ እስኪወጣ፣ እልልታው እስኪጠራ። ኩቴክሷንም መልሼ ጣልኩባት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሏት እኔ ነኝ። ለሱ ብዬ ግን አይደለም። የተበላሸ ድምፅ ስሰማ ጥርሴን ስለሚበላኝ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

"ማሻአላህ! ይሄ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው!" ይላል ዘከሪያ፣ ጥቁሩን እየሰማ። ኤልሳዕም፣ "አባይነህ፣ አንተ እኮ ፋብሪካው ያልቻለውን ነው የምትችለው" አለ።

ባለቤቴ እንደ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፋ። "ሳይንስ ነው" አለ።

ሳይንስ! ሳይንሱ ጓዳ ሆኖ ምስር ይለቅማል።

ጉዱ ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከዚያም አልፎ የኤልሳዕንም ብርማውን "ላክመው" ብሎ እኛ ቤት አስቀረው። ሌላ ብሎን፣ ሌላ ጠብታ።


እሑድ፣ የካቲት 16፣ ቅበላ

ገሊላ ደወለች። "እማዬ፣ አባዬ ስልክ ላይ ለምን ይዘጋብኛል? እሺ እሺ ብሎኝ ይዘጋል" አለች። አባትሽ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የሐረር ጆሮ ነው፣ ለኛ ጊዜ የለውም አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ጾማችን ሰኞ ገባ። የነዘከሪያ ረመዳን ደግሞ ዛሬ። በሳሎኔ ውስጥ ጾመኛ ያልሆኑት ቴፖቹ ብቻ ናቸው። ጫት የለ፣ ሻይ የለ፤ እንደ ደረቀ ወንዝ ከንፈራቸውን እየላሱ ያዳምጣሉ።

ዘፈን አይሰማምና አባይነህ የክራሩን ካሴት አስቀምጦ የበገና ካሴት አወጣ። ሦስቱንም አጫወቱለት። ሰውዬው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "ዳኑ! ሁሉም ዳኑ! ስማ ይሄን፣ ኤልሳዕ፣ ጅማቱ ሲነዝር!" ይላል። ግመሏን አንደኛ አደረጋት። እውነትም በገናው በሷ ሲመጣ ወለሉ ሁሉ አብሮ ይነዝራል፤ ምንም ብጠላት ይሄን አልክድም። ብርማው ግን ከሷ ይልቅ ንጹሕ ነው፣ የሰውዬው ትንፋሽ ሳይቀር ይለያል። ይህን ማንም አላለም።

ካቻቢቴው አረፈ፣ እኔም አረፍኩ። ከበገና ጋር ምንም ጠብ የለውም። ጠቡ ከክራርና ከኔ ጋር ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 27

በሩ ላይ ጎረቤት ስትጠራ አልከፈተላትም። ቁጭ ብሎ እያለ። ሴትዮዋ ተቀይማ ሄደች። እኔ ከገበያ ስመለስ ነው መንገድ ላይ የነገረችኝ። አፈርኩ። ቤት ገብቼ ተቆጣሁ። "እሺ" አለኝ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሲወጡ ልሸኛቸው ከኋላ ተከተልኩ። ነጠላዬን ከበሩ ኋላ ላነሳ ብቆም የሚከተለውን ሰማሁ።

ኤልሳዕ፦ "ሴትዮዋ እንደዚህ እየጮኸችበት እንዴት ይኖራል? እኛ ጦር ሜዳ እንኳ እንዲህ አልተጮኸብንም።"

ዘከሪያ፦ "ሰብር ነው ጋሽ ኤልሳዕ፣ ሰብር። ወላሂ ትዕግሥቱ ጀነት ያስገባዋል።"

እኔ ነኝ የምጮኸው? እኔ? አንድ ነገር አምስት ጊዜ ሲባል አምስተኛው ጩኸት ይሆናላ! አራቱን ማን ሰማልኝ? የመንደር ሽማግሌ ሆነው ሚስት ያማሉ፣ ያውም ከጾሙ በፊት ስንት ቅዳሜ ምስሬን በልተው። ሰላም ዋሉም አላልኳቸው፤ ዘግቼባቸው ገባሁ።

ማታ በመስታወት ፊት ቆሜ አፌን ሳየው እውነትም የቁጡ ሴት አፍ ሆኗል። ጥግ ጥጉ ወደ ታች ወርዷል። መቼ እንደወረደ አላውቅም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

የኤልሳዕን ብርማ ደግሞ ነካክቶ ብሎኑን አጣሞታል። አቃናሁት። ጊዜ የለኝም፣ ባለቤቴ ሊመጣ ነው።


ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ዘከሪያ ብቻውን መጣ። ሹዋሊድ፣ ያ ከዒድ ቀጥሎ ያለው የሐረሮች በዓል፣ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጀጎል ያለው ቤቱ ትልቅ ውድድር ያደርጋል። ከድሬዳዋ ቢኒያም የሚባል ቴፕ ሰብሳቢ ይመጣል፣ "እንደኔ ያለ ድምፅ ምሥራቅ ላይ የለም" እያለ የሚፎክር። ጋሽ አባይነህ ዳኛ ይሆናሉ፤ ግመሏንም እዚያው፣ ሰው ፊት፣ ያቃኗታል።

"ጋሽዬ፣ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እሷን ስከፍታት እሱ ቤት የገባ ይመስለኛል። ከእርስዎ እጅ በቀር ለማንም አልሰጣትም" አለው።

አባይነህ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አደራህን ተቀብያለሁ" አለ።

እኔ እዚያ ቤት እንዴት ብዬ ነው ብሎን የማዞረው? በዚያ ሁሉ ሰው መካከል? አርባ ዓመት ያስተማራቸው ልጆች አባቶች ሆነው ይመጣሉ። የሰው አደራ ያበላሻል፣ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ዝም ይለዋል፤ ከዚያ የጀጎል ሰው በየሱቁ "ምስኪን ጋሽ አባይነህ" ይላል። ምስኪን ከሚሉት እኔን ለዘለዓለም ጯሂ ቢሉኝ ይሻለኛል።

ማታ እንዳትሄድ አልኩት። እሺ አለ። ትሄዳለህ ወይ አልኩት። እሺ አለ። እሺታው ሊያሳብደኝ ነው!


እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ ነው። የዘከሪያ ሚስት ሸምሲያ ሐሉዋና ቴምር ይዛ መጣች። ሐሉዋው ቅቤ ያለበት ጣፋጭ ስለሆነ ለፋሲካ አስቀመጥኩት። ተቀምጠን ስንጫወት አባይነህን አየት አደረገችና፣ "ብዙነሽ፣ ባልሽ ሰው ሲያወራው አፍ አፉን ነው የሚያይ፣ አየሽ?" አለችኝ።

የአስተማሪ ልማድ ነው፣ ተማሪ ሲመልስ አፉን እያየ ነው የኖረው አልኳት።

"እንዴ፣ እኔ ምን አልኩ?" አለች። ቴምር አጎረሰችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ግን ዓይኗ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ ይቆጥራል። እሷ ከሄደች በኋላ ጓዳ ገብቼ ምንም ሳልሠራ ቆምኩ።


ሰኞ፣ መጋቢት 29

ሹዋሊድ። ሌሊቱን ከጀጎል ከበሮ ሲመታ አደረ። አባይነህ አልጋው ላይ ሆኖ፣ "ዘንድሮ ከበሮው ጥሩ ነው" አለኝ። ሴቶቹስ ሲያዜሙ አልኩት። ከበሮው ጥሩ ነው አለ እንደገና።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ካቻቢቴውን ከቦርሳው አውጥቼ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ከሌለው አይነካትም። ቀላል ነገር ነበር፣ እስከ ዛሬ ምን አስቦ ነው ይሄ ጭንቅላቴ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4፣ ማታ

እንደ ሆነው ልጻፈው።

የዘከሪያ ቤት ሞልቷል። ወንዶቹ ቀዩ ነደባ፣ ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ እኛ ከሸምሲያ ጋር በሩ አጠገብ። ቴፖቹ መሐል ላይ ነበሩ። የቢኒያም ቴፕ የሬሳ ሣጥን ታህል ነበር፤ መብራቷ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሰውዬውም እንደ ቴፑ ነው፣ ከፊት መብራት ብቻ። ሲያጫውታት የቆርቆሮ ቤት ላይ ዝናብ ሲወርድ ነው የመሰለኝ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል።

ለውድድሩ የተመረጠው ሴቶች በሐረሪ የሚያዜሙበት የምስጋና ካሴት ነው (ዘፈን አይደለምና ጾማችንን አይነካም)፣ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ። ቀጫጭን ድምፆች፣ እንደ ወፍ። ግመሏ ገና ስትጀምር ሰው ሁሉ ጨዋታውን አቋርጦ ወደ እሷ ዞረ። ምንም ማቃናት አያስፈልጋትም ነበር። አይነካት፣ አይነካት እያልኩ ሥላሴን ለመንኩ።

"ጥቂት ቀጭን ጎድሏታል" አለ አባይነህ። ቦርሳውን ፈተሸ። ካቻቢቴ የለም። ይመስገን አልኩ። ያ ኤልሳዕ፣ ያ የማይጠቅም ወታደር፣ ከኪሱ አውጥቶ አቀበለው!

አዞረ። ሴቶቹ ደበዘዙ። ደግሞ አዞረ። ሴቶቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ገቡ፣ ከበሮው ብቻ ቀረ። ሸምሲያ ክንዴን ያዘችኝ። አባይነህ ግን ቴፗን አይደለም የሚያየው። እያዞረ ሰው ሰው ፊት ነው የሚያየው። ኤልሳዕ ወለሉን አየ። ቢኒያም ሳቁን ዋጠ። ዘከሪያ ከል የለበሰ ሰው መስሎ፣ "ጥሩ ነው ጋሽ አባይነህ፣ ጥሩ ነው" ይላል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

አባይነህ እጁን አቆመ።

"ዘከሪያ፣ አትዋሸኝ። ሴቶቹ አሉ?"

ዘከሪያ ዓይኑን ጠርጎ፣ "የሉም ጋሽዬ፣ ሄደዋል" አለ።

"እኔ ዘንድ መጀመሪያም አልነበሩም" አለ ባለቤቴ። እንዲሁ፣ ተማሪ ፊት መልስ እንደሚያርም። ከዚያ ዞሮ ካቻቢቴውን ወደ እኔ ዘረጋው። "ብዙ፣ ነይ። ቤት እንደምታደርጊው አድርጊያት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ያ ሁሉ መደበቅ፣ ያ ሁሉ ኩቴክስ! ተነሥቼ ሄድኩ። ብሎኗ አርጅታለች፣ ጥርሷ ሊበላ ደርሷል፤ ትንፋሼን ይዤ ጥቂት ጥቂት መለስኳት። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ፤ መጀመሪያ ማጨብጨቢያው፣ ቀጥሎ አንዷ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ዘከሪያ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባይነህ የኔን እጅ አይቶ፣ የዘከሪያን ፊት አይቶ፣ "መጡ?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

ያ ቢኒያም፣ "ታዲያ ማን አሸነፈ?" አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ። የማን ቴፕ እንዳሸነፈ አልነግረውም፤ የማን እንዳላሸነፈ ግን ቁርጡን ነገርኩት። መብራቷን ነቅሎ ለገና ዛፍ ያውላት አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤልሳዕ እኔ ባልኩት ሳቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ በፈላና በር በኩል ወረድን። እጄን ያዘ፤ መንገድ ላይ እጅ መያዝ የሱ ጠባይ አይደለም።

"የኩቴክስ ጠብታሽ ትልቅ ናት፣ የኔ ትንሽ ናት፤ ጥቁሩን በነካሽ በሦስተኛው ቀን ነው ያወቅኩት" አለኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ አልኩት። አፌን አየና መለሰ።

"ብነግርሽ ጆሮዬ መድከሙን ማመን ነበረብኝ፤ ዝም ካልኩ ግን ምንም ያልሆንኩ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ቴፖቹ ያረጁ መስሎኝ ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሦስት ቴፕ በአንድ ዓመት እንዴት አብሮ ያረጃል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። መጠየቁን ፈራሁ።" ደረጃውን ደግፎ አወረደኝ። "ከክራሩ በፊት የጠፋው ያንቺ ድምፅ ነው፣ ብዙ። የዘከሪያ ይሰማኛል፣ የኤልሳዕ ይሰማኛል። ያንቺና የገሊላ ሄደ። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ፊትሽ ተቆጥቷል፤ እየሰደበችኝ ነው እላለሁ።"

ግማሹ ስድብ ነበር አልኩት። ይህን ሰማውም አልሰማውም፣ ሳቀ።

እኔ ግን አለቀስኩ። ንቆኝ ነው ብዬ ያልተኛሁባቸው ሌሊቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ይሄ ሰውዬ ድምፄን ፍለጋ በየሰው ቴፕ ውስጥ ብሎን ሲፈታ ነው የከረመው፤ እኔ ደግሞ ከኋላው እየሄድኩ ሳስር።


እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ኤልሳዕ መጣ፣ ያለ ቴፕ። ጦር ሜዳ መድፍ አጠገብ የኖሩ ጓደኞቹ እንዲህ ሆነው ስለሚያውቅ ከገና ጀምሮ የአባይነህን ጆሮ ጠርጥሮ ነበር። "ለመንገር አፈርኩ፣ ወይዘሮ ብዙነሽ" አለኝ። አፈረ! ካቻቢቴ ለማቀበል ግን አላፈረም። ወንዶች። ከፋሲካ በኋላ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዞት ሊሄድ ቃል ገባ፤ ይዞት ባይሄድ ብርማውን እኔው እፈታለታለሁ።

አባይነህ ወፍራም አድርገሽ ተናገሪ፣ ጩኸት አይደለም፣ ወፍራም አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ዲያቆን ድምፅ ላውጣ?


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግቼ ስለማመድ ዋልኩ። ድምፄን ከሆዴ ሳወጣው ራሴም ፈራሁት። ድመቷ ወጥታ ሄደች። ሰሞነ ሕማማት ባይሆን ሰው ያበደች ይለኝ ነበር፤ አሁን ጸሎት ይመስላቸዋል።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ጠዋት ጀርባውን ሰጥቶኝ በረንዳው ላይ ጫማውን ያስራል። ከኋላው ቆሜ፣ ሳልጮህ፣ በዚያ በወፍራሙ አስቀያሚ ድምፅ "አባይነህ" አልኩት።

ዞረ።

"ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?" አለኝ።

ሞኝ! ከጥር ወዲህ ስጠራው ሲዞርልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።